የባሌ እግርና የአብረኸት ቅጠል

ሌላው ሰው ትዝታው የሚቀሰቀሰው በሽቶ ነው፣ በዘፈን ነው፣ ወይ ከድሮ ወዳጁ ጋር መንገድ ላይ ሲገጣጠም ነው። የኔን የቀሰቀሰው የባሌ እግር ሽታ ነው። አትሳቁብኝ። ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ሲሠራ በሊፍት፣ ሳይሠራ በጸሎት በምንወጣበት አፓርታማ ውስጥ፣ ባለፈው ሰሞን የተክሌን ካልሲ ሳወልቅ ያ እርጥብ፣ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከስንት ዘመን በኋላ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ጣቶቹን ፈልቀቅ አድርጌ ባይ መሃሉ ነጥቷል፣ ተልጧል፣ ከትንሹ ጣቱ ሥር ደግሞ ተሰንጥቋል። አንጀቴ እርር አለ። ያረረው ግን ለእግሩ ብቻ አልነበረም። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ተከትላው የምትመጣ ሴት አለች፤ ስሟም አብረኸት ነው።

ነገሩን ከዛሬው ልጀምር። ተክሌ ስኳር አለበት። በዚያ ላይ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመርሳት በሽታ ይዞት ነገር ሁሉ ከእጁ እየወጣ ነው፤ መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋው፣ ቀጥሎ የቤቱ መንገድ፣ በመጨረሻ አማርኛው። አዎ፣ አማርኛው። እሱ አስመራ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ እኔ ጽጌ ደግሞ የጉለሌ ልጅ ነኝ። ናይሮቢ ተገናኝተን በአማርኛ ተዋደድን፣ በአማርኛ ተጣላን፣ በአማርኛ ልጅ አሳደግን። አሁን አፉን ሲከፍት የሚወጣው ትግርኛ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ትግርኛ አልችልም። ዶክተሩ ለልጃችን ለሩት፣ ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ እንዲህ ያለ ፈንገስ ቀልድ እንዳልሆነ፣ ስንጥቁ ካመረቀዘ እግሩን እስከ ማሳጣት እንደሚያደርስ ነግሯታል። ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፣ ጣቶቹ መሃል ይድረቅ፣ ከዚያ ቅባቱ ይቀባ ብሎ አዘዘ። ቀላል ነገር ነበር፤ ተክሌ ግን እግሩን አላስነካ አለ። እኔን ገፈተረኝ። ቀን ቀን የምታግዘኝ ዋምቡይ "ጉካ፣ ፖሌ ፖሌ"፣ አባባ ቀስ በል እያለች ስታባብለው ሳፋውን በእርግጫ ብሎ ምንጣፉን አርሶባታል። በዚያ ሁሉ ግብግብ መሃል የጠራው ስም አንድ ብቻ ነው፤ አብረኸት። የኔን ስም ከጠራ ስንት ጊዜው።

ሩት እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ ነገሩ አልገባትም። "እማ፣ ሁ ኢዝ አብረኸት?" አለችኝ። የድሮ የእግር ሐኪም ናት ብዬ አለፍኩት። ልጄ ቀልጣፋ ናት፤ ስልኳን አንስታ ያገኘችውን ያገር ሰው ሁሉ ጠይቃ፣ ሳይውል ሳያድር አገኘቻት። ላቪንግተን ናት ለካ፤ ከኛ ቤት በእግር የሚደረስበት ቦታ። ያን ሁሉ ዘመን ካናዳ ነው ያለችው፣ ካምፓላ ነው ያለችው ሲባል፣ እዚሁ አጠገቤ ሆና አንድ ዝናብ ሲዘንብብን ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች ተባለ። ቅዳሜ መሆኑ ደግሞ ይባስ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ወጥ እያሳረርኩ፣ ቁልፍ እየጠፋብኝ፣ በሐሳብ ወደ ኋላ ስመላለስ ሰነበትኩ።

ያኔ ምግብ ቤታችን መሃል ከተማ ነበረች፤ ከታች የሕንዶች የጨርቅ ሱቅ፣ ከላይ እኛ፣ ከጀርባችን ደግሞ የምንተኛባት ክፍል። ደረጃው ሥር አንድ ሊስትሮ ሽማግሌ ተቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ያብረቀርቃል፤ ማዕዘኑ ላይ ሴቶች በቆሎ ጠብሰው በሎሚና በበርበሬ አሽተው ይሸጣሉ፤ ከማዶው ቡና ቤት የኮንጎ ጊታር ከጠዋት እስከ ማታ ይንቆረቆራል፤ ቃሉ ባይገባንም ሽንኩርት ስንከትፍ ወገባችን በራሱ ይወዛወዛል። ሽልንግ ያኔ ሽልንግ ነበረች። አንዷን ኖት ይዤ ገበያ ከወረድኩ፣ ዘንቢሉ ሞልቶ፣ ሱኩማ የሚሉት ጎመን ተመርቆልኝ፣ ማንዳዚ ለሚሉት ብስኩት የሚሆን ሳንቲም ተርፎኝ ነበር የምመለሰው። ዛሬ ያ ሕንፃ ከታች እስከ ላይ የስልክ ቀፎ መሸጫ ሆኗል፤ ሩት በዚያ ስታሳልፈኝ መስኮታችንን ፈልጌ አጣሁት። ፋሽኑስ ብትሉ? የወንዱ ሱሪ መንገድ ይጠርጋል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ተክሌ ደግሞ የአስመራ ልጅ ነው፤ ካሚዮን ነጂ ሆኖ እንኳ፣ በዚያ ወበቅ ሞምባሳ ድረስ የሚነዳው ሹል የቆዳ ጫማ አጥልቆ፣ ከውስጥ የናይለን ካልሲ አድርጎ ነው። ሌሎቹ ሹፌሮች በነጠላ ጫማ ይነዳሉ፤ እሱ በነጠላ ጫማ ከመታየት ሞቱን ይመርጣል። ሞተሩ ከሥር ያቃጥላል፣ ናይለኑ ላቡን ይይዛል፣ እግሩም በዚያው ተበላሸ።

ጫማው ውስጥ ደብቆት መኖር ይችል የለም ወይ ትሉ ይሆናል። እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀን የምንገባ ሰዎች ነን። አንድ እሑድ ተክሌ ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ሲገባ፣ አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ፈቀቅ ፈቀቅ ሲሉ አየ። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ደጃፉን አልረገጠም፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ጫማውን እንዳጠለቀ ያስቀድሳል። ሩት ክርስትና ስትነሳ እንኳ ሕፃኗን ታቅፈን የገባነው እኔና ክርስትና እናቷ ነን፤ አባቷ ውጭ ቀረ። ስንወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየሁት። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሎሚ በጨው አሸሁለት፤ ጮኸ። ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ ጣቶቹ መሃል ባስርለት ውሃ ቋጥሮ አደረ። ከፋርማሲ የምንገዛው ቅባት ሻል ያደርገውና፣ ሞምባሳ ደርሶ ሲመለስ ያው ነው። ያኔ ነው የሰበካው ሴቶች፣ አንዲት የአስመራ ሴት አለች፣ እጇ መድኃኒት ነው ያሉኝ።

አብረኸት ላቪንግተን ውስጥ የአንድ ፈረንጅ ቤተሰብ ቤት ታስተዳድር ነበር፤ ከግቢው ጀርባ ባለች የሠራተኛ ክፍል ትኖራለች። ባሏ የሞተባት፣ በልጅነቷ አዲስ አበባ ሠርታ አማርኛውን እንደኛው የምታንበለብል፣ ጉሮሮዋ ብቻ አገሯን የሚያሳብቅባት ሴት ናት። ቆንጆ ነበረች። ምን ላድርግ፣ ነበረች። አንገቷ መለሎ፣ ወገቧ እንደኔ በወጥ ቤት ያልተበላሸ። ከሁሉም የከፋኝ እጇ ነበር፤ የሰው ቤት የምትሠራ ሴት እንዲያ ያለ ለስላሳ እጅ ከየት እንዳመጣች እግዜር ይወቀው። መድኃኒቱን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ቅጠሉን ጎህ ሲቀድ ከግቢው አጥር ትቀጥፋለች፤ ስሙን ለማንም አትናገርም፤ ስሙ ከተጠራ ይረክሳል። በሽተኛውም የራሱ ሕግ አለው። ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ማንንም ሳያናግር፣ እህል ውሃ ሳይቀምስ ይመጣል፤ እግሩ ሳፋው ውስጥ እስኪገባ አፉን አይከፍትም። ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬው ሄጄ ይህን ስትነግረን እኔን "አንቺ" ትለኛለች፤ እኔ "እርስዎ" እላታለሁ። አክብሬያት አልነበረም፤ እንዳትጠጋኝ ነው።

እስቲ አስቡት። ባሌ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ የኔ የሚሆነው ቅዳሜና እሑድ ነው። ያችኑ ቅዳሜ ዝም ብሎ ይነሳል፣ ዝም ብሎ ይለብሳል፤ ሸሚዝ እንኳ ይመርጣል፤ እግር ለመታጠብ የተተኮሰ ሸሚዝ ምን ይሠራል? ደህና አደርክ ወይ እለዋለሁ፤ በጭንቅላቱ ይመልስልኛል። ሳሙናው የት ነው እለዋለሁ፤ በጣቱ ያሳየኛል። ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብለውም ኖሮ የውሃውን ባልዲ በጣቱ የሚያሳየኝ ይመስለኛል። ከዚያ ደረጃውን ወርዶ ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ይይዛል። የቀኑን የመጀመሪያ ቃል ለሌላ ሴት ይዞላት ሄደ ማለት ነው። ይሄ ነበር የሚበላኝ። ሌሎቹ ሴቶች ባላቸው ሲያመሽ ይቀናሉ፤ እኔ ባሌ ሲያነጋ እቀናለሁ። ረፋዱ ላይ እያፏጨ ይመለሳል፤ የሚያፏጨውን የክራር ዜማ አላውቀውም። እግሩ ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸታል፤ ከጤና አዳሙ ሥር ደግሞ የማውቀው የሚመስለኝ፣ ግን ምን እንደሆነ መለየት ያቃተኝ መራራ ሽታ አለ።

አንድ ቅዳሜ አላስችል አለኝና ተከተልኩት። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ቀጣዩን ማታቱ ያዝኩ። የያኔው ላቪንግተን ግቢው ሰፊ፣ ሰው የማይታይበት፣ ወፍ ብቻ የሚጮህበት ሰፈር ነበር፤ ጤዛው ጫማዬን እያራሰው በጀርባ በኩል ዞሬ በአጥሩ ሽንቁር አየሁ። ምን አገኝ ይሆን ብዬ። ምንም የለም። ተክሌ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ እግሩ ሳፋ ውስጥ ነው፣ እሷ ተንበርክካ ጣቶቹን ታሻለች፤ ራቅ ብለው ሌሎች በሽተኞች አፋቸውን ዘግተው ተራ ይጠብቃሉ። ነገር ግን ተክሌ ያወራል። በትግርኛ ያወራል። እኔ የማውቀው ተክሌ ቃል መርጦ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ያኛው እጁን እያወናጨፈ፣ ቃሉ በቃል ላይ እየተደረበ ያወራል። ደግሞ ሳቀ። ያን ሳቅ እኔ ቤት ሰምቼው አላውቅም። አንዲት ቃል እንኳ አልገባኝም። ባሏን ከሌላ ሴት ጋር የያዘች ትጮኻለች፣ ትደባደባለች፣ ሽማግሌ ትጠራለች። ባሌ በማላውቀው ቋንቋ ሳቀ ብዬ ለየትኛው ሽማግሌ ልክሰስ? ድምፄን ሳላሰማ ተመለስኩ።

ቆይቼ ምን እንደሚያወሩ ጠየቅኩት፤ ስለ እግሬ ነው አለኝ። ሌላ ጊዜ፣ እስቲ ለኔም በትግርኛ አውራኝ ብለው ሳቀና፣ "ካንቺ ጋር ሲሆን የሚመጣልኝ አማርኛ ነው" አለኝ። እንደ ስድብ ነበር የቆጠርኩት። አስተምረኝ ማለት እችል ነበር፤ ግን ከሷ ጋር ከሚቋደሰው ነገር ፍርፋሪ ልለምን? ሞቼ ነው። እግሩ ዳነ። እሱም ካልሲውን ወደ ጥጥ ለወጠ፣ ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ እግሩን ፀሐይ ማሞቅ ለመደ፤ ይህንንም ያዘዘችው እሷ ናት። በባዶ እግሩ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሲሳለም ያየ ሁሉ አብረኸትን መረቃት፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ አሜን አልኩ። ዳነ ብዬ ቅዳሜዬን ስጠብቅ ደግሞ፣ እንዳይመለስብኝ እያለ ጥቂት ጊዜ ተመላለሰ። ከዚያ ዓመታት አለፉና ያ ሁሉ ነገር መጣ፤ የሱ አገር ከኔ አገር ተጣላ፣ ናይሮቢ ያለነውም በየወገናችን ተቀመጥን፣ ለቅሶ እንኳ ለየብቻ ሆነ። አብረኸትም ከዓይናችን ጠፋች። ሰው ሁሉ ስለ ፖለቲካው ሲያዝን እኔ በልቤ እፎይ አልኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። በዚህ ዕድሜዬ ጠጉሬን ተሠራሁ፣ ለበዓል ያስቀመጥኩትን ቀሚስ አወጣሁ። ሩት "ዋው፣ እማ፣ የት ልትሄጂ ነው?" ስትለኝ የትም አልኳት። ሊፍቱ ሲከፈት አንዲት ትንሽ አሮጊት ከዘራ ይዛ ወጣች። ያ መለሎ አንገት ነጠላው ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። እሷ ግን ቀርባ አገላብጣ ሳመችኝና ፊቴን ትኩር ብላ አየችው።

"ጽጌ፣ ዛሬም አኩርፈሽኛል" አለችኝ።

ታውቅ ኖሯል ማለት ነው። ወጥ ቤት ገብታ መጀመሪያ የጠየቀችው ዶክተሩ ያዘዘውን ነው። ቅባቱን አገላብጣ አይታ፣ ይሄ ይበጃል፣ ያ የድሮው ቅጠል ለዚህ እግር ይበረታበታል፣ እንዲህ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አይደረግም አለች። ታዲያ ለምን መጡ ልላት ስል፣ ከሱፐርማርኬት ከረጢት ውስጥ ጤና አዳም አውጥታ አሸት አድርጋ፣ ሽታው እንዲያውደው ብቻ ከተክሌ ወንበር አጠገብ አስቀመጠችው። የድሮው መድኃኒት ምን ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ይከለክለኝ የነበረው ኩራት የት እንደሄደ እንጃ። ግራዋና እንዶድ ነው፤ ጤና አዳሙ ሽታቸውን መሸፈኛ ነው አለችኝ። የጠላ ጋን የማጥብበት ግራዋ፤ ጋቢ የማጥብበት እንዶድ። ያን ሁሉ ዓመት በእጄ ይዤው። ስሙን ጠሩት እኮ፣ ይረክስብዎታል አልኳት፤ የሚወርሰኝ የለም ጽጌ፣ ይርከስ አለች።

ሳፋው ተክሌ እግር ሥር ተቀመጠ። አብረኸት ግን መንበርከክ አልቻለችም፤ ጉልበቷን ከታከመች ወዲህ አይታጠፍላትም። እኔን አየችኝ። እኔም የበዓል ቀሚሴን ሰብስቤ ተንበረከክሁ። እሷ ከራስጌው ወንበር ስባ ተቀመጠችና በትግርኛ ታነጋግረው ጀመር። ተክሌ የጤና አዳሙ ሽታ ሲደርሰው ፊቱ ተፈታ፤ ማንም ሳይነካው ካልሲውን ራሱ አውልቆ እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ። ያቺ ያስጨነቀችን እግር እጄ ላይ አረፈች። ቀስ ብዬ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠብኩ። ከላይ እነሱ ያወራሉ፤ ያ ሳቅ ደግሞ መጣ። ያን ሁሉ ዘመን በእጇ እየቀናሁ ኖሬ፣ ማጠቡ ለኔ ሲደርስ ቃሉ አሁንም የሷ ሆነ። ያቀረረውን እንባዬን በክርኔ ጠረግኩ።

ትንሽ ቆይቶ ተክሌ መቁነጥነጥ ጀመረ። ወደ በሩ እያየ፣ ቶሎ ቶሎ እየተናገረ፣ እግሩን ከውሃው ሊያወጣ ታገለኝ። ከተናገረው ሁሉ የገባችኝ አንዲት ቃል ናት፤ "ሰበይተይ" አለ፤ ባለቤቴ ማለት እንደሆነ ያቺን ቃል እንኳ አውቃለሁ። አብረኸት መሳቅ ጀምራ መሃል ላይ ተወችው።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ቶሎ በይ፣ ባለቤቴ ቁርስ ሳትበላ ነው የምትጠብቀኝ ይላል። ያኔም እንዲሁ ነበር፤ ውሃው ሳይበርድ ልሂድ ልሂድ እያለ ያስቸግረኛል።"

እውነት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳልበላ ነበር የምጠብቀው። ንዴት አላስበላ ብሎኝ ነው እንጂ ለሱ ብዬ አልነበረም። እሱ ግን ሌላ ነገር አድርጎ ይዞት ኖሯል። ከተንበረከኩበት ቀና ብዬ፣ ተክሌ፣ እዚሁ ነኝ እኮ አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣም ፍርሃትም የለም፤ በትሕትና፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረኝና ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። አብረኸት አልተረጎመችልኝም። ዓይኔን ከሷ አልነቅል ስላት ግን፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴ ነው የሚልሽ" አለች።

ጣቶቹን መሃል መሃሉን በፎጣ አደረቅኩ፣ ቅባቱን ቀባሁ፣ ንጹሑን ካልሲ አጠለቅኩለት፤ አልታገለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ በአብረኸት ስቀና ኖሬአለሁ። ያን ጠዋት ግን አብረኸትን ረሳኋት፤ አንጀቴ እስኪያር የቀናሁት፣ መሃል ከተማ ፎቅ ላይ ቁርሷን ሳትበላ ተክሌን በምትጠብቀው ሴት ነው።